ሕፃናት ስለ አድልዎ ሲጠይቁን

ብዙዎቻችን «ሕፃን የቆዳ ቀለም አይለይም፤ እኛ ካልነገርነው ክፋቱን አይማርም» እንላለን። ነገር ግን ሦስትና አራት ዓመት የሞላው ልጅ የመልክን ልዩነት ያያል፤ ማን እንደሚከበር፥ ማንስ በር ላይ እንደሚቆም ይመለከታል። እኛ ዝም ስንል ምክንያቱን በራሱ ልብ ይፈጥራል፤ ብዙ ጊዜም «የተናቀው ሰው ጉድለት ቢኖርበት ነው» ይላል።

የናይሮቢን ከተማ እንመልከት። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን የአውሮፓውያን፥ የእስያውያንና የአፍሪካውያን ልጆች በዘር ተለይተው ይማሩ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1920 ገደማ ጀምሮም አፍሪካዊ ወንድ 16 ዓመት ሲሞላው ኪፓንዴ የተባለውን የመታወቂያ ወረቀት እንዲይዝ ይገደድ ነበር፤ ወረቀቱም በትንሽ የብረት መያዣ ገብቶ ከአንገት ይንጠለጠል ነበር። ልጁ ይህን በአባቱ አንገት ላይ እያየ አደገ። ምን ብለው አስረድተውት ይሆን?

ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ነጻ ወጣች፤ አድልዎ ግን በዚያ አላበቃም። የኪቤራ ኑብያውያን እንግሊዞች ለውትድርና ካመጧቸው ሱዳናውያን የተወለዱ ናቸው። ልጆቻቸው 18 ዓመት ሲሞላቸው አብዛኛው ኬንያዊ የማይደርስበትን ምርመራ እያለፉ መታወቂያ ለማግኘት ይጉላሉ ነበር። መታወቂያ የሌለው ደግሞ ሥራ መያዝም ሆነ ድምፅ መስጠት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2011 የአፍሪካ የሕፃናት መብትና ደኅንነት የባለሙያዎች ኮሚቴ ኬንያ የእነዚህን ሕፃናት የዜግነት መብት እንደ ጣሰችና እንዳዳላችባቸው ፈረደ። በዚህ ጊዜ የበደሏቸው ነጮች አልነበሩም፤ ይህንንም ለልጆቻችን መንገር ይገባናል፤ አለዚያ አድልዎ የባዕድ ሰው ኃጢአት ብቻ ይመስላቸዋል።

ታዲያ እንዴት እንናገር? ለአምስት ዓመት ልጅ ሕግና ታሪክ ማብዛት አይጠቅምም። አስቀድመን ያየውን እንጠይቀው፤ የጠየቀንንም ያህል እንመልስለት። «ይህ ልክ አይደለም፤ ጥፋቱም የተበደለው ልጅ አይደለም» ብንለው ይበቃዋል። የተሰደበው የራሳችን ልጅ ቢሆን ግን፥ «ተወው፥ ምንም አይደለም» ማለት ቁስሉን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። ነገሩን እስኪጨርስ እንስማው።

በዘኍልቍ ምዕራፍ 12 ማርያምና አሮን ሙሴን ስላገባት ኢትዮጵያዊት ሴት እንደ ተናገሩበት፥ ማርያምም እንደ ተቀጣች ስንነግራቸው ልጆቻችን ደስ ይላቸዋል፤ የተነቀፈችው የእኛ ሰው ናትና። ነገር ግን «ባሪያ» የሚለውን ስድብ፥ ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩን «ቡዳ» ማለትን ከማን አፍ ሰሙት? ናይሮቢ ሩቅ ናት። ሸክላ ሠሪዋ ግን በገበያ ቀን በደጃችን ታልፋለች። ልጃችን «ከልጅዋ ጋር ልጫወት? ቤታችንስ ገብቶ ይብላ?» ብሎ የሚጠይቀን ቀን ይመጣልና፥ የምንመልስለትን ባልና ሚስት ከአሁኑ እንነጋገርበት።