የሕፃኑን ገንፎ ስለ መለዋወጥ

ሕፃን ልጅ ስድስት ወር ሲሞላው ከእናቱ ጡት ሌላ ተጨማሪ ምግብ ሊጀመርለት ይገባል። በብዙ ቤት ይኸው ምግብ የምጥን ዱቄት ነው፤ ጠዋትም ገንፎ፣ ማታም ገንፎ። ከሱቅ የሚገዛውም ቢሆን፣ ለምሳሌ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተጀመረው ፋፋ፣ ጣዕሙ ሁልጊዜ ያው ነው። ልጅም እኮ ሰው ነውና ይሰለቸዋል፤ አፉን ይገጥማል፣ ማንኪያውን ይገፋል።

ታዲያ በዚህን ጊዜ በየቤቱ የሚደረገውን እናውቃለን። እናት ገንፎውን በውሃ ታቀጥነዋለች፣ ወይም ስኳር ታበዛበታለች፣ ወይም ትታው ዳቦ በሻይ ትሰጠዋለች። ልጁ ይበላል፤ ሆዱም ይሞላል፤ ነገር ግን ይከሳል። 8 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ሆድ ባንድ ጊዜ ከአንድ ብርጭቆ እምብዛም የበለጠ አይዝም። ያ ቦታ በውሃ ከተያዘ ምግቡ የት ይግባ? ሻይም የራሱ ጉዳት አለው፤ በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ስለሚያግድ ደም ማነስን ያመጣል።

ስለዚህ የሚለዋወጠው ጣዕሙ እንጂ መሠረቱ አይደለም። መሠረቱ 3 እጅ እህልና 1 እጅ ጥራጥሬ ነው። እህል ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ደግሞ ይህንኑ በብዛት ስለያዘ ጉድለቱን ይሞላለታል። ልኩ ከተጠበቀ ጤፉን በገብስ፣ በስንዴ ወይም በበቆሎ፣ ሽምብራውንም በአተር ወይም በምስር መተካት ይቻላል። ጥራጥሬው ታምሶና ተከክቶ ገለባው ይውጣ። ጓያን ግን ከቶ አታግቡ። ርካሽ መሆኑን እናውቃለን፤ ሆኖም አዘውትረው ሲበሉት እግር ያሽመደምዳል፤ ሽባነቱም አይድንም።

ከዚህ ወዲያ ያለው ቀላል ነው። አንድ ቀን ካሮት ወይም ብርቱካንማ ስኳር ድንች ቀቅሎና ፈጭቶ መጨመር፣ በማግስቱ ጎመን አድቅቆ፣ በሌላው ቀን እንቁላል መትቶ ገንፎው ከእሳት ሳይወርድ እስኪበስል ማማሰል ነው። በየሰሐኑ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ ይበልበት። ዱቄቱንም ለውሶ ስስ ቂጣ መጋገር ይቻላል፤ ዘጠኝ ወር ያለፈው ልጅ በእጁ ይዞ መብላት ይወዳል። በርበሬ የሌለው የአልጫ ሽሮ ፍትፍትም ያው እህልና ጥራጥሬ አይደለም ወይ? ማር ግን ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም።

ገንፎው ወፍሮ አልዋጥ ካለው መድኃኒቱ ውሃ ሳይሆን ብቅል ነው። ሻጋታ የሌለበት ብቅል ተፈጭቶ፣ ገንፎው ለብ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ ይነስነስበትና ይማሰል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንደ አጥሚት ይቀጥናል። ከዚያም እንደገና እሳት ላይ ወጥቶ ይፍላ። ውሃ ሳይገባበት ስለ ቀጠነ ጉልበቱ አይጎድልም።

ጾም ሲገባ እንቁላሉና ወተቱ ከልጁ ላይም ይቀራል። ሰባት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ጾም እንደሌለበት እናቶች ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ ዕቃው እንዳይነካካ ፈርተው ነው። እኛም ይህን ስጋት አናቃልልም። ለልጁ ብቻ የሚሆን አንዲት ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለይቶ ማስቀመጥ ይበቃል።

ምግቡ ከመሠራቱና ልጁ ከመብላቱ በፊት የእናትም የልጁም እጅ በሳሙና ይታጠብ። ገንፎ ሁለት ሰዓት ከሚበልጥ ጊዜ ከቆየ ተቅማጥ የሚያመጡ ተሕዋስያን ይራቡበታል፤ ስለዚህ ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ብቻ መሥራት ነው። የተረፈውን ያኔውኑ ታላላቆቹ ይብሉት።