ስለ ኮምፒዩተር ጥበቃ ትምህርት፦ ኪዩብስ የሚባለውን ስለ መትከል፣ ስለ ማደስና ስለ ዲስክ ቦታ

የነጋዴ ሀብቱ በመጋዘን የተከመረው ዕቃ ብቻ አለመሆኑን፣ ማን ምን ያህል ዱቤ እንደ ወሰደ የሚያሳየው መዝገብም ሀብት መሆኑን ክቡራን አንባብያን ያውቁታል። ያ መዝገብ ዛሬ በአብዛኛው የሚገኘው በኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ስለዚህ መዝገቡን ስለሚጠብቀው መሣሪያ ጥቂት ማወቅ ለጸሐፊም ለባለ ሱቅም የተገባ ነው።

በሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. ኖትፔትያ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም ከዩክሬን ተነሥቶ ብዙ አገሮችን አዳረሰ። አስመጪዎቻችን ስሙን በኮንቴይነር ላይ ዘወትር የሚያዩት ማርስክ የተባለው የመርከብ ድርጅት 4,000 ሰርቨሮችንና 45,000 ኮምፒዩተሮችን እንደገና መትከል ግድ ሆነበት፤ ጉዳቱም ከ200 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። ፕሮግራሙ የገባው የዩክሬን ነጋዴዎች ለሒሳብና ለግብር የሚጠቀሙበት ፕሮግራም በሚታደስበት በር ነበር። የድርጅቱን ዋና የመረብ መዝገብ ያዳነውም፣ በጋና በሚገኘው ቅርንጫፍ በዚያን ሰዓት መብራት ጠፍቶ ስለ ነበር ከመረቡ ተለይቶ የቀረ አንድ ኮምፒዩተር ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር የምናማርር ሁሉ ይህን ብናስታውስ ጥቂት እንጽናና ይሆናል።

በአርብ ገበያ የሚገኘው ጽሕፈት ቤታችን አሮጌውን ዊንዶውስ 10 የተወው፣ ሠሪው ኩባንያ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ጥገናውን ካቆመ በኋላ ነው። በምትኩ የተከልነው ኪዩብስ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ዜን በሚባል ፕሮግራም አማካይነት አንዱን ኮምፒዩተር እርስ በርሳቸው በማይተያዩ ክፍሎች ይከፋፍለዋል። የሒሳብ መዝገባችን በአንድ ክፍል፣ ኢሜይል በሌላ ክፍል፣ ከማናውቀው ሰው የመጣ ፕሮፎርማ ደግሞ ተነቦ ሲያበቃ በሚጠፋ ጊዜያዊ ክፍል ውስጥ ይከፈታል። ፕሮፎርማው መርዝ ቢይዝ፣ መርዙ በዚያው ክፍል ታግዶ እንዲቀር ነው የታሰበው።

ሲተከል የሚያጋጥመው የመጀመሪያው ችግር የኮምፒዩተሩ አቅም ነው። ቢያንስ 6 ጊጋባይት ራም ያስፈልገዋል፤ ሳይጨነቁ ለመሥራት ግን 16 ጊጋባይት ይመከራል። ከአነስተኛ ሱቅ የተገዛ ባለ 4 ጊጋባይት ላፕቶፕ ላይ መሞከር ድካም ነው። አቅሙ በቂ ሆኖ ሳለ ተካዩ ፕሮግራም «አስፈላጊው ነገር ጐድሏል» ብሎ ካስጠነቀቀ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቨርቹዋላይዜሽን የሚባለው ችሎታ በባዮስ ውስጥ ተዘግቶ መቀመጡ ነው። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ወደ ባዮስ ገብቶ መክፈት ይበቃል። ፍላሹ የማይነሣ ከሆነም ፋይሉን በተራ ግልባጭ ከመገልበጥ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ በሩፉስ ሲጻፍ ዲዲ የሚባለው መንገድ መመረጥ አለበት። ከዚያ በፊት የወረደው ፋይል በእውነት ከሠሪዎቹ የመጣ መሆኑን በዲጂታል ፊርማው ማረጋገጥ እንዳይዘነጋ። ዲስኩን የሚከፍተው የይለፍ ቃል በላቲን ፊደል ይሁን፤ ኮምፒዩተሩ ገና ሲነሣ በአማርኛ መጻፍ አይቻልምና። ቃሉን የረሳ ሰው መዝገቡን ከማንም ዘንድ አያገኘውም።

ስለ ማደስ ስንናገር፣ እኔን ለሁለት ቀን ያሳሰተኝን ነገር ልግለጽ። አቢሲኒካ የሚባለውን የግዕዝ ፊደል በሒሳቡ ክፍል ውስጥ አስገብቼ ደረሰኝ በአማርኛ ጻፍኩ፤ በማግሥቱ ኮምፒዩተሩን ባስነሣው ፊደሉ የለም። እንደገና አስገባሁ፤ እንደገና ጠፋ። ተበላሽቷል ብዬ ወደ ባሕር ዳር ልልከው ነበር። ነገሩ ግን ብልሽት አልነበረም። ክፍሎቹ ሁሉ ፕሮግራማቸውን የሚወስዱት ቴምፕሌት ከሚባለው አባት ክፍል ነው፤ በልጁ ክፍል የተጨመረ ፕሮግራም ክፍሉ ሲዘጋ ይጠፋል፣ ተጠብቆ የሚቆየው የሰውዬው የግል ፋይል ብቻ ነው። ስለዚህ ፊደልም ሆነ ፕሮግራም በቴምፕሌቱ ውስጥ ይገባል፤ ቴምፕሌቱም ይዘጋል፤ ከዚያ ልጁ ክፍል ተዘግቶ ይከፈታል። ማደስም እንዲሁ ነው፦ ቴምፕሌቱን አድሶ ክፍሎቹን ዘግቶ ያልከፈተ ሰው በአሮጌው ፕሮግራም እየሠራ ነው።

ማደስ እንቢ ሲል አስቀድሞ የሚመረመረው ሰዓቱና ቀኑ ነው። ይህ በተለይ ለእኛ አገር ሰው የተዘጋጀ ወጥመድ ይመስላል። ኮምፒዩተሩን በኢትዮጵያ ዘመን አቈጣጠር 2018 ብሎ የሞላ ሰው፣ ማሽኑን ስምንት ዓመት ያህል ወደ ኋላ መልሶታል፤ ኮምፒዩተሩም የመረቡን የምስክር ወረቀት «ገና አልጸናም» ብሎ ይመልሳል። ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ «3» ብሎ የሞላም ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል፤ በዚያው ዕለት የወጣ እድሳት ሊከለከልበት ይችላል። ባትሪው የደከመ አሮጌ ላፕቶፕም መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። እድሳት ሲጀመርም ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ መካከል ላይ መብራት ቢጠፋ ቴምፕሌቱ ሊበላሽ ይችላል።

የኢንተርኔት ነገር እንደሚታወቀው ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። እንዲህ ያለ ጊዜ ሲያልፍ አስቀድሞ መታየት ያለበት የያዝነው ዕትም ገና ጥገና የሚደረግለት መሆኑ ነው፤ 4.1 የተባለው የኪዩብስ ዕትም ለምሳሌ ከሰኔ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ጥገናው ቆሟል።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀት፣ ወደ ዲስክ ቦታ እንምጣ። በአንድ ሐሙስ ማታ፣ ለዐርቡ ገበያ የዱቤ ዝርዝር ሳዘጋጅ፣ ሒሳቡ «ቦታ የለም» ብሎ አልቀመጥም አለ። ጌታዬ በጣም ተቈጥተው፣

«ያለፈውን ዓመት ሒሳብ ደምስሰው፤ ቦታ ይገኛል» አሉኝ።

«ጌታዬ፣ ግብር ሰብሳቢው ቢጠይቀን ምን እንመልሳለን? ጥቂት ይታገሡኝ» አልኳቸው።

ታግሠው ባይሆን ኖሮ ሌላ ቅጂ የሌለውን መዝገብ በከንቱ እናጠፋው ነበር፤ ምክንያቱም ዲስኩ አልሞላም። የሞላው አንዱ ክፍል ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል ሲፈጠር የሚሰጠው የግል ቦታ 2 ጊጋባይት ብቻ ሲሆን፣ በስልክ የተነሡ የደረሰኝ ፎቶግራፎች ጨርሰውት ነበር። በክፍሉ ማስተካከያ ገጽ ገብቼ 10 አልኩት፤ ነገሩ በአምስት ደቂቃ አለቀ። ሲጨመር ግን በልክ ይሁን፤ የሰፋውን መልሶ ማጥበብ አይቻልም።

ዲስኩ ራሱ ሲሞላ ግን ነገሩ ይከብዳል። ኪዩብስ ቦታውን የሚያድለው እንደ አንድ ትልቅ ጎተራ ነው። ለአሥር ሰው ለእያንዳንዳቸው ሃያ ኩንታል ማስቀመጫ ተስፋ ሰጥቷል፤ ጎተራው ግን መቶ ኩንታል ብቻ ይይዛል። ሁሉም ተስፋውን በአንድነት ቢጠይቅ ጎተራው ይሞላል፣ ሲጻፍ የነበረው ሒሳብም ይበላሻል፣ አንዳንዴም ኮምፒዩተሩ መነሣት ያቅተዋል። ከዚህም ሌላ የጎተራ ጠባቂው የራሱ ደብተር አለ፤ እህሉ ገና ቦታ ሳለው ደብተሩ ቢያልቅ ችግሩ ያው ነው። በስክሪኑ ጥግ ያለችው የዲስክ ምልክት ሁለቱንም ስለምታሳይ፣ ማስጠንቀቂያ ስትሰጥ አዲስ ነገር ማውረድ ማቆምና የማንጠቀምባቸውን አሮጌ ቴምፕሌቶች ማስወገድ ይገባል።

ፋይል ሰርዞ ቦታው ወዲያው ባይመለስም መደንገጥ አያስፈልግም። ኪዩብስ የክፍሉን የቀድሞ መልክ አንድ ግልባጭ ይዞ ይቆያል፤ ክፍሉን ዘግተን፣ ከፍተን፣ ሁለተኛ ስንዘጋው የተሰረዘው ቦታ ይለቀቃል። የቆሻሻ መጣያውን ባዶ ማድረግም እንዳይረሳ።

ከዚያች ማታ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ሥራ ሲያበቃ የሒሳቡን ክፍል በውጭ ዲስክ ላይ እገለብጣለሁ። ግልባጩ በትክክል መነበቡን፣ ምንም ሳይመልስ የሚፈትሽ ምርጫ በመመለሻው ገጽ ላይ አለ፤ እርሱን ሳልነካ ዲስኩን አልነቅለውም። ዲስኩም ከኮምፒዩተሩ ጋር አያድርም፤ ጌታዬ ይዘውት ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።