ሰኞ ጠዋት የሚመጣ የሆድ ሕመም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው እዚሁ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ ዋይትሆል ነው። የ11 ዓመት ልጄ በየጠዋቱ ሆዴን አመመኝ እያለች ታለቅሳለች፤ ከትምህርት ቤት መቅረት አብዝታለች። ቅዳሜና እሁድ ግን ደህና ናት። ሐኪሟ መርምሯት ምንም የለባትም አለኝ። የትምህርት ቤቱ ካውንስለር ደግሞ ቴራፒ ያስፈልጋታል ትላለች። ጠበል አስጠምቄአታለሁ። መድኃኒት ያስጀምሯት ይሆን? «እብድ» የሚል ስም እንዳይወጣላትም ፈራሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ እያስመሰለች አይደለም፤ ሆዷ በእውነት ያማታል። ጭንቀት ሲበረታ አንጀት ይታወካል፣ ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ሰኞ ይዞ ቅዳሜ የሚለቅ ሕመም፣ ሌላ በሽታ አለመኖሩ በምርመራ ከታወቀ፣ ብዙውን ጊዜ መነሻው ይኸው ነው።

ቴራፒስት ክኒን አይሰጥም። መድኃኒት የሚያዝዘው ሐኪም ነው፤ በእሷ ዕድሜም ከእርስዎ ጋር ሳይመክር አይጀምርም። ለእንዲህ ያለ ጭንቀት የሚመረጠው ሐሳብን፣ ስሜትንና ድርጊትን አያይዞ የሚሠራ የንግግር ሕክምና ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለሦስት ወር ያህል። ልጅቷ ከባለሙያዋ ጋር ሆና የሚያስፈሯትን ነገሮች ከቀላሉ እስከ ከባዱ ትጽፋለች። ከዚያ ከቀላሉ ይጀመራል፦ መጀመሪያ እስከ ትምህርት ቤቱ በር፣ ቀጥሎ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ፣ እያለ እስከ ሙሉ ቀን። ፍርሃቱ እስኪበርድላት ድረስ እዚያው ትቆያለች። ሳትሸሽም እንደሚያልፍ የምትማረው በዚህ ነው።

ከባዱ የእርስዎ ድርሻ ነው። አልቅሳ ቤት ስትቀር ሁለታችሁም እፎይ ትላላችሁ፤ ፍርሃቱ ግን በነጋታው ጠንክሮ ይመጣል። ቁጣም ልመናም አይረዳም። «እንደፈራሽ አውቃለሁ፤ እንደምትችይውም አውቃለሁ» ብለው አብረዋት ከቤት መውጣትን ባለሙያዋ ታለማምድዎታለች።

እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የወጣ፣ ከ7 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 488 ልጆች የተሳተፉበት ጥናት በ12 ሳምንት ውስጥ በዚህ ሕክምና ብቻ 60 በመቶው በደንብ እንደተሻላቸው አሳይቷል፤ ማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት የተሻላቸው 24 በመቶ ነበሩ። መድኃኒት ሲታከልበት ቁጥሩ 81 በመቶ ደርሷል። ስለዚህ ሐኪሙ ወደፊት መድኃኒት ቢያነሣብዎ አይደንግጡ።

ስም ይወጣላታል ስላሉት፣ የከተማችንን አንድ ሥራ ልንገርዎ። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሜሪ ፍሪስታድ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ድብርትና የስሜት መዋዠቅ ላለባቸው ከ8 እስከ 12 ዓመት ልጆች ባዘጋጁት ሕክምና ወላጆችም ልጆችም ለ8 ሳምንት ይማራሉ። ከመልመጃዎቹ አንዱን በጣም እወደዋለሁ። ቤተሰቡ ወረቀት ወስዶ በአንድ በኩል ልጁ ማን እንደሆነ ይጽፋል፦ ሣቂ፣ ለእህቱ አዛኝ፣ ኳስ ወዳድ። በሌላው በኩል የሕመሙን ምልክቶች ይዘረዝራል። ወረቀቱ ሲታጠፍ ሕመሙ ልጁን እንዴት እንደሸፈነው ሁሉም ያየዋል፤ ልጁ ግን ከሥሩ አለ። እርስዎም ዛሬ ማታ ቢሞክሩት ደስ ይለኛል።

ጠበሉን አይተዉ፤ ቀጠሮውንም አይሰርዙ። ኔሽንዋይድ የሕፃናት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2020 ለልጆችና ለወጣቶች የአእምሮ ጤና የከፈተው ባለ 9 ፎቅ ሕንፃ እዚሁ ከተማ ነው፤ ሪፈራል ከሐኪሟ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ልጄ ታስተርጉምልኝ?

መልስ፦ በፍጹም! እናቷ እንዳታዝን ብላ ሕመሟን አሳንሳ ትናገራለች። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ቀጠሮ ሲይዙ «አማርኛ» ይበሉ። አስተርጓሚው በቤተ ክርስቲያን የሚያውቁት ሰው ሆኖ ከከበድዎ በስልክ የሚያስተረጉም ሌላ ሰው መጠየቅ ይችላሉ። ማንም አይቀየምዎትም።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ ሳይነግረኝ ቴራፒስት ያያል። ይህ ይፈቀዳል?

መልስ፦ አዎ። በኦሃዮ ሕግ 14 ዓመት የሞላው ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ እስከ 6 ቀጠሮ ወይም እስከ 30 ቀን፣ ቀድሞ እስከሚደርሰው ድረስ፣ ያለ መድኃኒት መታከም ይችላል። ወንድሜ፣ ልጅዎ ራሱ እርዳታ ፈልጎ ሄዷል፤ ይህ የሚያስቀጣ አይደለም። ምን እንደተባለ አይመርምሩት፤ «ስትፈልግ እሰማሃለሁ» ይበሉትና ይጠብቁ።

መሞት እፈልጋለሁ ካለ ወይም ይህን አስቧል ብለው ከጠረጠሩ ግን አይጠብቁ። በግልጽ ይጠይቁት፤ መጠየቅ ያላሰበውን ነገር አያሳስበውም። ቤት ያለ መድኃኒትና የጦር መሣሪያ ይቆለፍ። በ988 ቀንም ሌሊትም ይደውሉ፤ አደጋ አፋፍ ላይ ከደረሰ ወደ 911።