ትሩ አንድ ብር ሲሆን፦ በፓይዘን የእሴት ዓይነትን መለየት

ያለፈው ረመዷን የኢፍጧር መዋጯችንን የምትደምር አጭር ፕሮግራም ጽፌ ነበር። ድምሩ በእጃችን ካለው ብር በ14 በለጠ። ገንዘቡ አማና ነውና እንቅልፍ አሳጣኝ።

ለካ 14 ልጆች መጠኑን ሳይሞሉ «እከፍላለሁ» የሚለው ሳጥን ላይ ብቻ ምልክት አድርገዋል። ፎርሙ ለእነሱ የመዘገበው ቁጥር ሳይሆን «ትሩ» ነው። ፓይዘን ደግሞ ቡልን የኢንት ልጅ አድርጎ ስለሚያየው ትሩ ሲደመር 1 ይሆናል። ቡልን የሚጠይቅ መስመር አልረሳሁም፤ የጻፍኩት ግን ከኢንት በታች ነበር። ማች ከላይ ወደ ታች ያነባል፣ መጀመሪያ የተስማማው ቅርንጫፍ ላይም ይቆማል። ስለዚህ ጠባቡ ዓይነት ከሰፊው ይቅደም፦

ማች መዋጮ:
    ኬዝ ቡል(): ቃል_የገቡ += 1
    ኬዝ ኢንት(ብር) | ፍሎት(ብር): ድምር += ብር
    ኬዝ ስትር(ጽሑፍ): ይጣራ.አፔንድ(ጽሑፍ)
    ኬዝ _: ያልታወቀ += 1

(ኮምፒውተር ላይ የፓይዘኑን ቃላት በላቲን ፊደል ጻፏቸው። እንደ «ብር» ያሉ ስሞችን ግን በግዕዝ ፊደል ቢሆኑም ይቀበላል!)

ማች የመጣው በ2021 በወጣው ፓይዘን 3.10 ነው፤ ከዚያ በታች ያለው አይሠራላችሁም። «ኢንት(ብር)» ሁለት ሥራ በአንዴ ይሠራል፦ ዓይነቱን ይጠይቃል፣ እሴቱንም «ብር» ብሎ ይይዝልናል። መድረሳ ነሕው ስንቀራ ኡስታዛችን ስለ ቃሉ ኢዕራብ ከማውራታችን በፊት «ኢስም ነው፣ ፊዕል ነው ወይስ ሐርፍ?» ይሉን እንደነበረው ነው።

ብዙዎቻችንን የሚጥለው ቅንፉ ነው። «ኬዝ ኢንት:» ብላችሁ ቅንፉን ከተዋችሁት ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ ስም ማውጣት ይሆናል፤ የመጣው ሁሉ፣ ጽሑፍም ቢሆን፣ «ኢንት» ተብሎ ይገባል። ከሥሩ ሌላ ኬዝ ካለ ፓይዘን ራሱ ስህተት ብሎ ያስቆማችኋል። የመጨረሻው ቅርንጫፍ ከሆነ ግን ዝም ብሎ ያሳልፋል፤ የሚያስፈራውም ይሄ ነው።

«50 ብር» ተብሎ በጽሑፍ የመጣውን ወደ ቁጥር መቀየር ይቻል ነበር። እኔ ግን በሰው ገንዘብ መገመት ስላልፈለግኩ ለብቻው አስቀምጬ በእጅ አጣራሁት።

መልመጃ፦ 50ን፣ «50»ን፣ ፎልስን፣ 0.5ን እና ነንን ለዚህ ኮድ ስጡት። ከማስኬዳችሁ በፊት እያንዳንዱ የትኛው ቅርንጫፍ ላይ እንደሚያርፍ በወረቀት ጻፉ፤ ከዚያ የቡልን መስመር ከኢንት በታች አውርዳችሁ ድገሙት።