ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር፦ ጀማሪ ነጂ የትኛውን ሞተር ሳይክል ይግዛ?

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከዚያ ወደ አንኮበር የሚወስደው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ደጋውን አቋርጦ ጉም ከማይለየው ገደል አፋፍ ይደርስና ከጎረቤላ በኋላ ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል ይወርዳል። በዚህ መስመር እህል፣ በግና ማር የሚሰበስብ ነጋዴ ሞተር ሳይክል ሊገዛ ሲነሳ ደላላው በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ብር ይዘዋል?» ብሎ ነው። ሊቀድም የሚገባው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ሞተር ሳይክሉ የት ይወጣል? ምን ይሸከማል? ሲበላሽስ መለዋወጫው ከየት ይመጣል?

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ደብረ ብርሃን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ብቻ ትታወቅ ከነበረበት ዘመን ወዲህ ቢራ ፋብሪካዎች፣ ዩኒቨርሲቲና ኢንዱስትሪ ፓርክ ተጨምረውባታል። የገጠሩን ምርት ቀድሞ ያየና ዋጋውን ቀድሞ ያወቀ ነጋዴ ከሌላው ይቀድማል። ትንሽ ሞተር ሳይክል ለዚህ ሥራ ርካሹ መሣሪያ ነው። ነገር ግን ያለ ዕውቀት የተገዛ እንደ ሆነ በሁለተኛው ክረምት በግማሽ ዋጋ ለጨረታ ይወጣል፤ ይህም ነጂው በሰላም ከወረደ ነው።

ከፍታው የሚወስደው ጉልበት

የቤንዚን ሞተር አየር ይበላል። በደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ በፋብሪካው ወረቀት ላይ 12 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለ ባለ 150 ሲሲ ሞተር እዚህ ሲደርስ በተግባር የሚሰጠው 9 ገደማ ነው። ባለ 100 ሲሲው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ለብቻው በአስፋልት ለሚሄድ ሰው 100 ሲሲ ይበቃዋል። ሰውና ጭነት ይዞ ከአልዩ አምባ ወደ ጎረቤላ የሚወጣ ግን ከ125 በታች ባይወርድ ይሻለዋል።

ሁለተኛው የከፍታ ጣጣ የካርቡራተሩ ነው። የአየሩ መሳሳት ስለማይታወቀው ቤንዚን እንደ ቆላው አብዝቶ ይሰጣል፤ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ካንዴላው በጥላሸት ይሸፈናል፤ ነዳጅም ያለ ሥራ ይቃጠላል። አዲስ አበባ ተስተካክሎ የመጣ ሞተር ሳይክል ብዙ አይቸገርም፤ የሁለቱ ከተሞች የከፍታ ልዩነት 500 ሜትር ያህል ብቻ ነውና። ችግሩ የሚብሰው ከቆላ አገር በቀጥታ በመጣው ላይ ነው። ሜካኒኩ የካርቡራተሩን የቤንዚን ቀዳዳ በአንድ ቁጥር ጠበብ ወዳለው ይለውጥና ነጂው ጥቂት ቀን ከነዳው በኋላ ካንዴላውን ፈትቶ ይመለከታል። ቀለሙ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ጥቁር ከሆነ ቤንዚኑ አሁንም በዝቷል። ነጭ ከሆነ ግን ቤንዚን አንሶታልና ፒስተኑ ሳይቃጠል ቶሎ መመለስ ያስፈልጋል። ወደ ቆላ የሚመላለስ ነጋዴ በተለይ ይህን ልብ ማለት አለበት፤ ለደጋው እጅግ የጠበበ ቀዳዳ አልዩ አምባ ሲወርድ ሞተሩን ያግላል።

በገበያው ያሉት

በአካባቢው ገበያ የሚታዩትን በሦስት ወገን መክፈል ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ የሕንድ ሥሪት የሆኑት የባጃጅ ኩባንያው ቦክሰርና የቲቪኤስ ሞተር ሳይክሎች ናቸው። ባለ አራት ምት ናቸው፤ ቤንዚን ይቆጥባሉ፤ መለዋወጫቸው ከመርካቶ አልፎ በየወረዳው ከተማ ይገኛል። ለመሸጥ ሲፈለግም ገዢ አያጡም። ወጣቶች አብልጠው የሚወዱት አፓቼን ነው። አፓቼ ግን የአስፋልት ሞተር ሳይክል ነው፤ ለጀማሪ ይፈጥናል፤ ለጭነትም አልተሠራም። ቦክሰር አያምርም፤ ነጋዴ የሚፈልገውን ግን ይሠራል።

ሁለተኛዎቹ በየመሥሪያ ቤቱና በእርዳታ ድርጅቶች እጅ የኖሩት የጃፓን ሞተር ሳይክሎች ናቸው፦ ያማሃ ኤጂ 100፣ ያማሃ ዲቲ 125፣ ሆንዳ ኤክስ ኤል 125። ለገጠር የተሠሩ በመሆናቸው ጥንካሬያቸው አይካድም። ኤጂ 100 ከፋብሪካው ሲወጣ ካቴናው ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ነው፤ ከፊትም ከኋላም ፖርቶ መጋላ አለው፤ በሁለቱም ጎን መቆሚያ ስላለው በዳገት ጎዳና ላይ በየትኛውም ጎን ይቆማል። ሌሎች ሞተር ሳይክሎች ላይ በገንዘብ የሚሠራው ማሻሻያ እዚህ ከነዋጋው ተገጥሟል ማለት ነው። ነገር ግን ኤጂ እና ዲቲ ባለ ሁለት ምት ናቸው፤ ከቤንዚን ሌላ የሚቃጠል ዘይት ይፈልጋሉ፤ ነዳጅም ይጠጣሉ። ዲቲና ኤክስ ኤል ደግሞ ኮርቻቸው ከመሬት ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ስለሆነ አጭር ጀማሪ ሁለት እግሩን ማሳረፍ ይቸግረዋል። እግሩን መሬት ማድረስ ያልቻለ ጀማሪ የሚወድቀው በፍጥነት ሲነዳ ሳይሆን ሲቆም ነው።

ሦስተኛዎቹ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ናቸው። በ2014 መንግሥት የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ሲያደርግ፣ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ሲያግድ የነጋዴው ዓይን ወደዚህ ዞሯል። ለደጋው አንድ ትልቅ ጥቅም አላቸው፤ አየር ስለማይበሉ ከፍታው ጉልበታቸውን አይቀንስም። በሌላ በኩል የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ የባትሪውን ርቀት ያሳጥራል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ለሚመላለስ ሰው ሊያዋጣ ይችላል። አንኮበር ደርሶ በዚያው ቀን ለሚመለስ ግን የደርሶ መልሱ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ሻጩ በወረቀት የሚያሳየውን ርቀት አምኖ መነሳት አይገባም።

ያገለገለ ሲገዛ

የደብረ ብርሃን ማለዳ ለገዢ የተሠራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያሞቀው ነግሮ በጠዋት መሄድ ነው። በብርድ በእግር ተረግጦ በጥቂት ሙከራ የሚነሳ ሞተር ጤናማ ነው። ባለ አራት ምት ሆኖ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እየበላ ነውና ዋጋው ይውረድ ወይም ይቅር። በባትሪ ብቻ የሚነሳውን ደግሞ በዚህ ብርድ ባይመርጡት ይሻላል።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ይዋሻል። የፍሬኑና የማርሹ መርገጫ ላስቲክ ግን አይዋሽም፤ 12,000 ኪሎ ሜትር ሄደ የተባለ ሞተር ሳይክል መርገጫው ተልጦ ብረቱ ካበራ ታሪኩ ሌላ ነው። የፊት አሞርዛተሩ ዘይት ይደፋ እንደሆነ፣ የጎማዎቹ ኩሽኔት ይላወስ እንደሆነ በእጅ ይፈተሻል። አንድ ሰው ቀጥ አድርጎ ይዞ ሲገፋው ሌላው ከኋላ ሆኖ ሁለቱ ጎማዎች በአንድ መስመር መሄዳቸውን ያያል፤ ካልሄዱ ሻንሲው ተጣሟል።

ከብረቱ ይልቅ ብዙ ሰው የሚከስረው በወረቀቱ ነው። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር በብረቱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መመሳከር አለበት። ከእርዳታ ድርጅት በጨረታ የወጣ ከሆነ ብዙዎቹ ከቀረጥ ነፃ የገቡ በመሆናቸው ቀረጡ መከፈሉ፣ ካልተከፈለም ማን እንደሚከፍል ከጨረታው ሰነድ ላይ ይነበባል። በርካሽ ያሸነፈ ተጫራች ቀረጡ ሲሰላለት ከአዲስ ዋጋ በላይ ሊከፍል ይችላል። «ስሙን ኋላ እናዞራለን» የሚል ሻጭ ካለ ቀብዱን በኪስ መልሶ መሄድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው ተሽከርካሪ መንገድ ላይ መውጣት አይችልም፤ ሞተር ሳይክልም ከዚህ ነፃ አይደለም። ነጂውም የሞተር ሳይክል ምድብ መንጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የአውቶሞቢል ፈቃድ አለኝ ማለት አያድነውም።

ማሻሻያው ከየት ይጀምር?

አብዛኛው ጀማሪ ማሻሻያውን የሚጀምረው ከማብረቅረቂያ መብራትና ማርሚታ ከማስቆረጥ ነው። መብራቱ ትንሿን ባትሪ ይጨርሳል። የተቆረጠው ማርሚታ ደግሞ ጩኸት እንጂ ጉልበት አይጨምርም። ገንዘቡ በመጀመሪያ በፍሬን ሸራ፣ በጎማና በራስ ቁር ላይ ይዋል።

ጎማው እንደ መንገዱ ነው። ደብረ ብርሃንና አካባቢዋን በአስፋልት ለሚሽከረከር የመንገድ ጎማ ይበቃል። ወደ እነዋሪና ወደ ጅሩ ዋልካ ለሚዘልቅ ግን ባለ ጥርስ ጎማ ቢያንስ ለኋላው ግዴታ ነው። በዋልካ ላይ ሌላም ጣጣ አለ፤ ጭቃው በፊት ጎማና በፓራፋንጎው መካከል ተጠቅጥቆ ጎማውን ቀጥ ያደርገዋል። የፊት ፓራፋንጎውን ከፍ ማስደረግ ወይም ማሳጠር በማንኛውም ጋራዥ በትንሽ ዋጋ የሚሠራ ነው፤ ከመውደቅም ያድናል።

ለዳገት ደግሞ የፊት ፒኞኑን በአንድ ጥርስ መቀነስ ከሁሉ ርካሹ ዘዴ ነው። ከ14 ወደ 13 ጥርስ ሲወርድ የመጎተት አቅሙ በ7 እና 8 በመቶ መካከል ያድጋል፤ የመጨረሻ ፍጥነቱም በዚያው ያህል ይቀንሳል። ለጀማሪ ሁለቱም ይጠቅሙታል። ፒኞንና ካቴና አብረው ያረጃሉና አንዱን አዲስ አድርጎ ሌላውን አሮጌ መተው ሁለቱንም ቶሎ ማጥፋት ነው።

ፖርቶ መጋላ ሲሠራ በቡሎን ይታሰር እንጂ ሻንሲው ላይ አይበየድ። የብየዳው እሳት የሻንሲውን ብረት ያደክማል፤ በተለይ የሻንሲ ቁጥሩ አጠገብ የተበየደ ሞተር ሳይክል በዓመታዊ ምርመራ ጊዜ ጥያቄ ያስነሳል፤ ቦሎም ይከለክላል። ቀለም መለወጥና ሞተር መቀየርም በሊብሬው ላይ መመዝገብ ያለባቸው ናቸው። ሌላው የክብደቱ ነገር ነው። የአብዛኞቹ ትናንሽ ሞተር ሳይክሎች የመሸከም አቅም ከነነጂው 130 እስከ 150 ኪሎ ነው። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግማሽ ኩንታል ምስር ሲጭን ከነፖርቶ መጋላው ድንበሩ ላይ ደርሷል። ጭነቱ ከኋላው ጎማ ባሻገር የተንጠለጠለ እንደሆነ ደግሞ በዳገት ላይ የፊት ጎማው ከመሬት ይነሳል፤ መሪውም ይቀልላል። ጭነት ወደ ኮርቻው ይጠጋ።

ስለ ብርዱም ትንሽ መባል አለበት። የደነዘዘ ጣት ፍሪሲዮንም ፍሬንም በጊዜ አይዝም። የቆዳ ጓንት ከማንኛውም ጌጥ ይቀድማል። የበግ ለምድ ኮርቻ ላይ ማንጠፍ በበጋ ደግ ነው፤ ዝናብ ሲጠጣ ግን ቀኑን ሙሉ በውኃ ላይ መቀመጥ ይሆናል። ጋቢ ለብሶ መንዳት ፈጽሞ አይገባም፤ ጫፉ በካቴናው ከተያዘ ነጂውን ወደ ኋላ ጎትቶ ይጥለዋል። የካቴናውን መሸፈኛ ለውበት ብለው የሚያስነሱም ይህንኑ ያስቡ።

ቁልቁለቱ

ጀማሪ ዳገትን ይፈራል፤ የሚጎዳው ግን ቁልቁለቱ ነው። ከጎረቤላ ወደ አልዩ አምባ ሲወረድ ቤንዚን ለመቆጠብ በፎሌ መልቀቅ የተለመደ ስሕተት ነው። የሸራ ፍሬን ለረጅም ጊዜ ሲያዝ ይግልና መያዙን ይቀንሳል፤ በፎሌ የወረደ ነጂ ያን ጊዜ የሚይዘው ነገር የለውም። በወጡበት ማርሽ መውረድ የቆየ የሾፌሮች ሕግ ነው፤ ለሁለት ጎማም ይሠራል። ባለ ሁለት ምት ሞተር የያዘ ግን ሌላ ጥንቃቄ ይጨምር፤ በረጅም ቁልቁለት ጋዙ እንደተዘጋ ሲወርድ ለፒስተኑ የሚደርሰው ዘይት ስለሚያንስ አልፎ አልፎ ፍሪሲዮን ይዞ ጋዙን መክፈት ያስፈልጋል።

ሂሳቡ

በወር 600 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰብሳቢ ይታሰብ። በአንድ ሊትር 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባለ አራት ምት 15 ሊትር ይበቃዋል። በሊትር 25 ብቻ የሚሄድ ባለ ሁለት ምት 24 ሊትር፣ ከዚያም በላይ ዘይት ይፈልጋል። የወር ልዩነቱ 9 ሊትር፣ የዓመቱ 108 ሊትር ነው። ገዢው ይህን በዕለቱ የቤንዚን ዋጋ አባዝቶ በሁለቱ ሞተር ሳይክሎች የመግዣ ዋጋ ልዩነት ላይ ቢያነጻጽረው ርካሽ መስሎ የታየው ያማሃ በስንት ወር ውስጥ ከቦክሰር ጋር እንደሚስተካከል ያገኘዋል። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ዋጋ አልረጋም። ስለዚህ ካለው ገንዘብ ሁሉንም በመግዣው ላይ ያዋለ ሰው የመጀመሪያውን ጎማና ካቴና በብድር ይገዛል። ከአምስት እጅ አንዱን ለጎማ፣ ለፍሬን፣ ለራስ ቁርና ለመድን አስቀምጦ በአራቱ እጅ መደራደር የተሻለ ነው።

የመጨረሻው የዋጋ ነገር የመንግሥት ትእዛዝ ነው። አዲስ አበባ በሰኔ 30 ቀን 2011 ፈቃድ የሌላቸው ሞተር ሳይክሎች እንዳይንቀሳቀሱ ስታግድ፣ በኋላም በምዝገባ እንዲመለሱ ስትፈቅድ፣ ትናንት ገቢ ያመጣ የነበረ ንብረት በአንድ መግለጫ ሊቆም እንደሚችል ታይቷል። በአማራ ክልልም ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በጸጥታ ምክንያት በየጊዜው የሰዓትና የእንቅስቃሴ ገደብ ሲወጣ ቆይቷል። አዲስ አበባ ልሽጠው ብሎ ደብረ ብርሃን የሚገዛም ሆነ በገጠር ልሠራበት የሚል ሰው፣ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት በሚንቀሳቀስበት ወረዳ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ቀርቦ በዚያ ሰሞን ምን እንደተፈቀደ፣ እስከ ስንት ሰዓትም እንደሚነዳ ይጠይቅ።