ቲ11፣ ቲ13፣ ኤስ6፦ ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

በዚህ እትም የስፖርት ገጽ ተራው የእኔ ነው። እግር ኳስ እንድጽፍ የጠበቃችሁኝ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ዛሬ የምጽፈው አካል ጉዳተኛ ስፖርተኞች እንዴት ተመድበው እንደሚወዳደሩ ነው። ትንሽ ሂሳብ አለው፣ እንዳትሸሹ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት በክፍል ለክፍል ሩጫ ጊዜ ነው። ከእኛ ክፍል የሮጠው ጓደኛዬ ግራ እጁ ከተወለደ ጀምሮ ደካማ ነው። ክርኑ በደንብ አይዘረጋም፣ ጣቶቹም አይጨብጡም። አራተኛ ወጣ፤ የሚሸለሙት ደግሞ ሦስት ብቻ ነበሩ። እኛም ሜዳው ዳር ቆመን ክርክር ጀመርን። አንዱ «ሩጫ በእግር ነው እንጂ በእጅ ነው እንዴ?» አለ። አንዷ ልጅ ደግሞ «እስቲ አንተ እጅህን ከወገብህ ጋር ታስረህ ሩጥ!» አለችው። እውነትም በነጠላ ታሰረና ሮጠ፤ መታጠፊያው ላይ ሚዛኑን ስቶ ወደቀ። ሁላችንም ሳቅን። ጓደኛዬ ግን አልሳቀም። «ተዉኝ በቃ፣ አራተኛ ነኝ» ብሎ ደብተሩን አንስቶ ሄደ።

እኔ ግን አልተውኩትም፣ ምክንያቱም ነገሩ እኔንም ይነካኛል። የክፍሌ ልጆች እንደምታውቁት ቀኝ ዓይኔ አያይም። ትንሽ ልጅ ሆኜ ከብት ስጠብቅ እሾህ ወግቶት ነው። ስለዚህ በሬዲዮ የፓራሊምፒክ ወሬ በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬን አቆማለሁ። ጋዜጠኛው ግን «በቲ11»፣ «በቲ13» እያለ ያልፋል እንጂ ምን ማለት እንደሆነ አይነግረንም። የሰውነት ማጎልመሻ ቲቸራችንን ጠየቅኳቸው፤ እሳቸውም ያላቸውን ጽሑፍ ሰጡኝ፣ ያልገባኝንም አስረዱኝ። ከዚህ በታች ያለው ከዚያ የገባኝ ነው።

በመጀመሪያ የራሳችንን ሰዎች ላንሳ። ኢትዮጵያ እስከ ፓሪሱ ፓራሊምፒክ ድረስ ስድስት ሜዳሊያ አግኝታለች፤ ስድስቱም የመጡት በ1500 ሜትር ሩጫ ነው! የመጀመሪያውን፣ ብር፣ ያመጣው ወንድዬ ፍቅሬ ነው፣ በለንደን በ2004 ዓ.ም.፣ ምድቡ ቲ46። ከዚያ ታምሩ ደምሴ በሪዮ ብር አገኘ፣ በቲ13። የመጀመሪያው ወርቅ የትዕግስት መዝገቡ ነው፤ ቶኪዮ ላይ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በቲ13 አሸነፈች። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ፓሪስ ላይ ደግሞ ትዕግስት ወርቁን ደገመችው፣ ያየሽ ጌቴ በቲ11 በ4 ደቂቃ ከ27.68 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ ወርቅ ወሰደች፣ ይታያል ስለሺም በወንዶች ቲ11 ብር አገኘ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ያየሽና ትዕግስት በአንድ ከተማ፣ በአንድ ርቀት ሮጠው ሁለቱም ወርቅ አገኙ። አብረው ግን አልተወዳደሩም። ለምን?

«ቲ» ማለት የመም ሩጫ ነው። ቁጥሩ ደግሞ ጉዳቱ ምን ዓይነት እንደሆነና ምን ያህል እንደሚከብድ ይናገራል። 11፣ 12 እና 13 የዓይን ናቸው። 20 የአእምሮ እድገት ውስንነት ነው። በአርባዎቹ ውስጥ 45፣ 46 እና 47 የእጅ ናቸው። በሃምሳዎቹ ያሉት በዊልቸር ይወዳደራሉ። ውርወራ ከሆነ «ቲ» ቀርቶ «ኤፍ» ይሆናል። ዋና ከሆነ «ኤስ» ይባላል።

አንድ ስፖርተኛ ሲመደብ ሦስት ጥያቄ በተራ ይጠየቃል። አንደኛ፣ ጉዳቱ በስፖርቱ ሕግ ከታወቁት አስር ዓይነቶች አንዱ ነው ወይ? (የጡንቻ ድክመት፣ የእጅ ወይም የእግር መቆረጥ፣ የቁመት ማጠር፣ የማየት ችግር፣ የአእምሮ እድገት ውስንነትና ሌሎችም አሉ። መስማት አለመቻል እዚህ ውስጥ የለም፤ መስማት የተሳናቸው የራሳቸው ኦሊምፒክ አላቸው።) ሁለተኛ፣ ጉዳቱ ያንን ስፖርት ለመከልከል ወይም ለማክበድ የሚበቃ ነው ወይ? ሦስተኛ፣ ሁለቱንም ካለፈ የትኛው ምድብ ይግባ? ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። እኔም የወደቅኩት እዚያ ላይ ነው፣ እነግራችኋለሁ።

የዓይን ምድብ እንዲህ ነው። ቲ11 ጭራሽ የማያዩት ወይም ከብርሃን በቀር እምብዛም የማይለዩት ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ትንሽ ብርሃን ስለሚያይ እንዳይጠቀም ሁሉም ዓይናቸውን ይሸፈናሉ። ከመሪ ሯጭ ጋር ይሮጣሉ፤ እጅ ለእጅ የሚያያይዛቸው አጭር ገመድ አለ። መሪው መጎተት ወይም መግፋት አይፈቀድለትም። መስመሩንም ቀድሞ ማለፍ አይችልም፤ ካለፈ ሁለቱም ይሰረዛሉ። እስቲ አስቡት፣ መሪው ከሯጯ የፈጠነ መሆን አለበት፣ ግን መቅደም የለበትም! ቲ12 ትንሽ ያያሉ፤ መሪ መያዝም መተውም ይችላሉ። ቲ13 ከእነሱ የተሻለ ስለሚያዩ ብቻቸውን ይሮጣሉ።

ቲ13 ለመግባት እይታው ስንት መሆን አለበት? ሐኪም ቤት ግድግዳ ላይ እያነሱ የሚሄዱ ፊደላት ያሉበት ሰሌዳ አይታችሁ ይሆናል። ጤነኛ ዓይን ከ60 ሜትር የሚያነበውን ፊደል ለማንበብ 6 ሜትር ድረስ መቅረብ ያለበት ሰው፣ ወይም ከዚያ የባሰ፣ ይገባል። ወይም ደግሞ የእይታው ስፋት ከ40 ዲግሪ ያነሰ፣ ማለትም ዓለምን በጠባብ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው የሆነ። የሚለካው መነጽር አድርጎ ነው፣ የሚታየውም በተሻለው ዓይን ነው።

በተሻለው ዓይን! ይህችን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ትንሽ ዝም አልኩ። የእኔ ግራ ዓይን ከመጨረሻው ወንበር ሰሌዳ ያነባል። ስለዚህ በሕጉ እኔ ለፓራሊምፒክ አልበቃም። ለቲቸር «ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ? ከቀኝ በኩል ሰው ሲመጣብኝ እኮ አላይም» አልኳቸው። እሳቸውም «ሕጉ ጉዳት የለብህም አላለም። ሩጫህን ምን ያህል ይለውጠዋል ነው የሚለው» አሉኝ። ማታ እቤት ሆኜ አሰብኩት። ዓይኗን ተሸፍና በ4 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ከምትሮጥ ሴት አጠገብ እኔ ግራ ዓይኔን ከፍቼ ብቆም ደስ ይለኝ ነበር ወይ? አይለኝም። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቅር ብሎኛል።

አሁን ወደ ዋና እንሂድ፤ ሂሳቡ ያለው እዚያ ነው። እኛ ጎረቤላ ደጋ ስለሆንን ዋና ብዙም አናውቅም፣ ወንዙ ሲገቡበት አጥንት ይሰብራል። ግን የመመደቢያ ዘዴው ከሁሉም በላይ የገባኝ በዋና ነው።

የዋና ምድቦች ከኤስ1 እስከ ኤስ10 የአካል፣ ከኤስ11 እስከ ኤስ13 የማየት፣ ኤስ14 የአእምሮ እድገት ውስንነት ናቸው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጉዳቱ ይከብዳል። ለአካል ጉዳት መጀመሪያ ዋናተኛው አልጋ ላይ ይተኛና ባለሙያዎች ጡንቻውን፣ መገጣጠሚያውን አንድ በአንድ ይፈትሻሉ። «ግፋኝ፣ ሳበኝ፣ አንሳ፣ እጠፍ» እያሉ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣሉ። ምንም የማይንቀሳቀስ 0፣ ሙሉ ጉልበት ያለው 5። ቀጥሎ ውሃ ውስጥ አስገብተው ሲዋኝ ያያሉ። በመጨረሻም ውድድር ላይ ይመለከቱታል፤ አልጋ ላይ የደከመ መስሎ ውድድር ላይ እንደ ዓሣ የሚሆን ሰው እንዳይኖር ነው። ፈታኞቹ ከአንድ በላይ ናቸው፤ አንዱ የሕክምና ሰው፣ ሌላው ዋናውን የሚያውቅ።

ጉዳት የሌለበት ሰው ድምር 300 ነጥብ ነው። ሲከፋፈል፦ እጆች 130፣ እግሮች 100፣ ወገብና ደረት 50፣ ሲነሳ መዝለል 10፣ ሲዞር ግድግዳ መግፋት 10። ደምሩት፣ ልክ ይመጣል። ከ266 እስከ 285 ያገኘ ኤስ10 ነው። ከዚያ በየ25 ነጥቡ አንድ ምድብ ይወርዳል፤ ኤስ9 ከ241 እስከ 265፣ ኤስ8 ከ216 እስከ 240፣ ኤስ7 ከ191 እስከ 215፣ ኤስ6 ከ166 እስከ 190፣ ኤስ5 ከ141 እስከ 165፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ከ285 በላይ ያገኘ ግን «ጉዳትህ ለዚህ ውድድር አይበቃም» ይባላል። እንደኔው ማለት ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ሁለት እግሮቹ ፈጽሞ የማይንቀሳቀሱ፣ እጁና ወገቡ ግን ደህና የሆነ ሰው አለ እንበል። እጅ 130፣ ወገብ 50፣ እግር 0። በእግሩ ዘልሎ መነሳትም ግድግዳ መግፋትም አይችልም፣ ስለዚህ 0 እና 0። ድምሩ 180፤ ኤስ6 ሆነ። ሌላው ሰው እግሩ እንደዚያው ሆኖ ወገቡም ግማሽ ቢደክም 25 ይቀነስበታል፣ 155፤ ኤስ5። ሁለቱም በዊልቸር ይሄዳሉ፣ መንገድ ላይ ብናያቸው «አንድ ዓይነት ናቸው» እንላለን። ውሃው ውስጥ ግን አንደኛው ቀጥ ብሎ ይንሳፈፋል፣ ሁለተኛው ወገቡ ይሰምጥበታል። የዚህ ተቃራኒም አለ። አንዱ እጁ የተቆረጠና አንዱ ቁመቱ አጭር የሆነ ሰው ነጥባቸው ከተቀራረበ ጎን ለጎን ይዋኛሉ። ቴሌቪዥን ላይ ያየ ሰው «ይሄማ አይመጣጠንም!» ብሎ ይጮኻል። እኔም ድሮ እንደዚያ እል ነበር።

የሚገርመው ደግሞ የጡት ዋና፣ ያ እንደ እንቁራሪት የሚዋኙት፣ ለብቻው ምድብ አለው። «ኤስቢ» ይባላል፤ ከ1 እስከ 9 ነው። ምክንያቱም እንቁራሪቷን የሚያስፈነጥራት እግሯ ነው። ስለዚህ እዚያ ለእግር 120፣ ለእጅ 110፣ ለወገብ 40 ይሰጣል፤ ከመነሻውና ከመዞሪያው ጋር ድምሩ 290። በዚህ የተነሳ አንድ ሰው በነጻ ዋና አንድ ቁጥር፣ በጡት ዋና ሌላ ቁጥር ሊኖረው ይችላል።

የማያዩትስ ግድግዳው መድረሱን በምን ያውቃሉ? የኤስ11 ዋናተኞች የጠቆረ መነጽር ያደርጋሉ። ከገንዳው ዳር የቆመ ሰው ጫፉ ለስላሳ በሆነ ረጅም ዘንግ መታ ያደርጋቸዋል፤ ያኔ ይዞራሉ። (ሥዕሉን ከገጹ ጥግ ላይ ሳልኩት፣ ዘንጉ ማጥመጃ መሰለብኝ።)

ምደባ አንዴ ከተሰጠ ለሁልጊዜ አይደለም። ጉዳቱ የሚባባስ ወይም የሚሻል ከሆነ፣ ወይም ልጁ ገና በማደግ ላይ ከሆነ፣ እንደገና ይታያል። ቪክቶሪያ አርለን የምትባል አሜሪካዊት ዋናተኛ በለንደን በኤስ6 የ100 ሜትር ወርቅ አገኘች። በዓመቱ ግን ጉዳቷ ቋሚ መሆኑ አልተረጋገጠም ተብላ ከውድድር ወጣች። በኋላ እግሯ ድኖ መራመድ ቻለች። ይህን ለእናቴ ስነግራት «እሰይ! ተነሳች አይደል፣ ሜዳሊያው ምን ያደርግላታል» አለች። እኔ ግን ዓመታት ሙሉ ለፍታ ድንገት «አንቺ የኛ አይደለሽም» መባሉም ከባድ ይመስለኛል። ሁለቱም እውነት ነው።

ሆን ብለው ያታለሉም አሉ። በሲድኒ በ2000 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ባለባቸው የቅርጫት ኳስ ውድድር ስፔን ወርቅ አገኘች። ከ12 ተጫዋቾቿ 10ሩ ምንም ጉዳት የሌለባቸው ሆነው ተገኙ። ሜዳሊያው ተነጠቀ። የሚያናድደው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ስፖርተኞች በሙሉ፣ ስዊድናዊውም ኬንያዊውም፣ ከፓራሊምፒክ ተከለከሉ። የተመለሱት ለንደን ላይ፣ ከ12 ዓመት በኋላ ነው። በአስር ሰዎች ውሸት ስንቱ ልጅ የመሮጫ ዕድሜው አለፈ! ፈተናው እንዲህ የጠበቀው በዚህም ምክንያት ነው።

ይህን ሁሉ ከጻፍኩ በኋላ ወደ ጓደኛዬ ሄድኩ። «ለውድድሩ ቀድመህ ተነሳ አይሉህም፣ እጃቸው እንደ አንተ የሆኑ ሰዎች ብቻ ያሉበት ሩጫ አለ። ወንድዬ ፍቅሬ ብር ያገኘው በእሱ ነው» አልኩት። ቲ46 ይሁን ቲ47 ወይም ጭራሽ አይብቃ እኔ ልፈርድ አልችልም፣ ያ የፈታኞቹ ሥራ ነው፤ ይህንንም ነገርኩት። ጽሑፉን ተቀብሎ ቆሞ አነበበው። የእኔን ዓይን ክፍል ሲያነብ ቀና ብሎ አየኝ፣ ምንም አላለም። ከዚያ «1500 ሜትር ስንት ዙር ነው?» አለኝ። በ400 ሜትር መም ሦስት ዙር ከሦስት አራተኛ ነው አልኩት። የእኛ ሜዳ ግን ከዚያ ያንሳል። ቅዳሜ ጠዋት በገመድ ልንለካው ተቀጣጥረናል፤ ገመድ ያላችሁ አምጡልን።

የዚህ እትም ጥያቄ፦ አንዲት ዋናተኛ ለእጅ 95፣ ለእግር 88፣ ለወገብ 42፣ ለመነሻ 7፣ ለመዞሪያ 8 ነጥብ አገኘች። ምድቧ ኤስ ስንት ነው? መልሱን ከነስማችሁና ከነክፍላችሁ ጽፋችሁ በሚኒ ሚዲያ ክበብ ሳጥን ውስጥ አስገቡ። ቀድሞ የመለሰ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይሸለማል።