ባዶ እጅ ምን ይሰጣል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ደመወዜ ከወር ወር አያደርሰኝም። ሰው ማስደሰት ግን እወዳለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9ን ክፈቺ። በኢዮጴ የነበረችው ጣቢታ ስትሞት መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት የሰፋችላቸውን ልብስ ነው። ጨርቁ ዋጋ አለው፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ለእያንዳንዷ ቁጭ ብላ የሰፋችበት ሰዓት ነው። በማቴዎስ 25 ጌታችን ከዘረዘራቸው በጎ ሥራዎችም የታመመን መጠየቅ ገንዘብ አይፈልግም።

በየሰፈሩ ልጆቻቸው ርቀው የቀሩ እናት አይጠፉም። ስኒውን ደርድረው፣ በሩን ገርበብ አድርገው ሰው ይጠብቃሉ። ግቢ። ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ፤ በረካው ሳይደርስ አትነሺ። ያንኑ የልጅነት ታሪካቸውን ሲደግሙልሽ እንደ አዲስ ስሚያቸው። ስትወጪ እስከ በር ይሸኙሻል፤ ያኔ ፊታቸውን እዪው።